በፔትራሞራ የመነነው ልጅ

ሳህሉ በእግሩ ረግጧት የማያውቃትን የአንዲት የጣልያን ከተማ አብያተ ክርስቲያናት ከሰፈሩ ሱቆች አስበልጦ ያውቃቸዋል። ከተማዋ ፔትራሞራ ትባላለች። በደቡብ ጣልያን ጠረፍ፣ ከባሕሩ በላይ አለት ላይ የተሰቀለች፣ ወጣቱ ጥሏት ወደ ሰሜን የሄደባት፣ አሮጊትና ድመት የቀሩባት ትንሽ ከተማ ናት። አናቷ ላይ የእመቤታችን የፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጉልላቱ በአረንጓዴና በቢጫ ሸክላ ተለብጧል። ከእሱ ወረድ ሲሉ በሩ ላይ የራስ ቅል የተቀረጸበት ሌላ አለ፤ የሙታን ነፍሳት ቤተ ክርስቲያን ይሉታል። ከከተማዋ ጀርባ መነኮሳቱ አልቀው ግቢውን በለስ የወረሰው አሮጌ ገዳም አለ። ከሁሉም በታች፣ ባሕሩ ዳር፣ ከአንድ ክፍል ቤት የማይበልጥ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ድሮ ድሮ ከግሪክ አገር ተሰደው የመጡ ሰዎች የሠሩት ነው።

ሰውየው ታሪክ ወዳድ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማው ተነሥቶ፣ ቧንቧና ማሞቂያ ወደሚጠግንበት የክሪስታል ሲቲ ሕንፃ ሲመላለስ ዓመታት አልፈዋል፤ በመንገዱ ካሉት ሙዚየሞች አንዱን እንኳ ገብቶ አያውቅም። ፔትራሞራን ያጠናት ለመዋሸት ነው። ውሸት ደግሞ አንዴ ከተናገሩት በኋላ አርፎ አይቀመጥም፤ ይርበዋል፣ በየሳምንቱ ቀለብ ይጠይቃል።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ሳህሉ አንድ ተከራይ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ተጋድሞ ቧንቧ ሲፈታ ስልኩ ጮኸ። ቁጥሩ የውጭ ነው። አነሣው።

“ሳህሉ ነህ?” አለችው አንዲት ሴት። ንግግሯ የወሎ ነው።

“ነኝ።”

“ፈይሩዝ እባላለሁ። ከጣልያን ነው የምደውልልህ። አጠገብህ ሰው አለ ወይ?”

እንዲህ ተብሎ የተጠየቀ የእኛ ሰው ቀሪውን ባይነግሩትም ያውቀዋል። ሳህሉ ከሲንኩ ሥር ሳይወጣ፣ መፍቻውን እንደጨበጠ፣ ቀሪውን ሰማ። ታናሽ ወንድሙ ኃይለመለኮት ሞቷል። እናታቸው ወደ አሜሪካ ስትመጣ ዕድሜው አልፏል ተብሎ የቪዛው ፕሮሰስ ውስጥ ያልገባው፣ ብቻውን አዲስ አበባ የቀረው፣ በኋላም በሱዳን አድርጎ ሊቢያ የገባው ኃይለመለኮት። “ዛሬ ባሕር ልንወጣ ነው” ብሎ ለእህታቸው ቴክስት ካደረገ በኋላ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ጀልባቸው ተሰብሮ ማዕበሉ ፔትራሞራ ሥር አውጥቶ ጣለው። ሱሪው ወገብ ላይ የተሰፋች ጨርቅ ተገኘች፤ የሳህሉ ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፎባታል። ፈይሩዝ የደሴ ልጅ ናት፤ እዚያው አቅራቢያ ትኖራለች፣ ከባሕር ለሚወጡት፣ ለዳኑትም ለሞቱትም፣ ታስተረጉማለች።

“የከተማው ሰው በክብር ቀብሮታል” አለችው። “አንድ ፎቶ አለኝ፣ ሐኪሙ ያነሣው ነው። ፊቱ አይታይም፣ አንገቱ አካባቢ ነው። አንተ አይተህ ብታረጋግጠው...”

“አትላኪልኝ። ቁጥሬ ካለ እሱ ነው። እባክሽ አትላኪልኝ።”

“ስለ አቀባበሩም የምነግርህ ነገር ነበረኝ።”

“በቃኝ እህቴ። በቃኝ።”

ስልኩን ዘጋው። ፈይሩዝ ምን ታድርግ፤ ለቤተሰቡ መጽናኛ ይሆናል ብላ ለሟቾቹ በጋራ ጸሎት የተደረገበትን የፍልሰታን ቤተ ክርስቲያን ፎቶ ላከችለት። የሬሳ ሣጥን አይታይበትም። ጥቂት አሮጊቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጸልያሉ፤ ከበላያቸው ያ ሁሉ ወርቅ ቅብ ያበራል።

እናታቸው ካሰች እዚያው አሜሪካ፣ ከሳህሉ ቤት ወንዙን ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ፣ ሴት ልጇ ሃይማኖት ጋ ነው የምትኖረው። በዚያው ሰሞን የልብ ሰርጀሪ ተደርጎላት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሃይማኖት ደግሞ መውለጃዋ ተቃርቧል። ወንድምና እህት በሆስፒታሉ ፓርኪንግ መኪና ውስጥ ተቀምጠው፣ የመኪናውን መስኮት ዘግተው አለቀሱ። መርዶ ወግ አለው። ሰው ተሰብስቦ፣ ቄስ ተጠርቶ፣ ሐዘንተኛውን የሚደግፍ ሰው አጠገቡ ሆኖ፣ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ለታመመ ሰው ደግሞ እስኪጠነክር ይደበቃል። የስንቱን ሞት በዓመቱ የሰማን ሰዎች ነን።

“ዶክተሯ ስትሬስ የሚባል ነገር እንዳይነካት ብላለች” አለች ሃይማኖት። “ሪከቨር ታድርግና እንነግራታለን።”

ሪከቨር ስታደርግ ሃይማኖት ወለደች፤ አራስ ቤት ለቅሶ አይገባም። ከዚያ የሕፃኑ ክርስትና ደረሰ። ከዚያ ገና መጣ። ምክንያቶቹ አንዳቸውም ውሸት አልነበሩም፤ ችግሩ ማለቂያ ማጣታቸው ነው።

ካሰች ግን ልቧን ታመመች እንጂ ሞኝ አይደለችም። ገና ከሆስፒታሉ አልጋ ሳትነሣ “ልጄስ?” ብላ ስትጠይቀው ሳህሉ “ገብቷል፣ ጣልያን ገብቷል” ብሏት ነበር። ይህ እንኳ በአንድ በኩል እውነት ነው። “ታዲያ ለምን አይደውልም?” ስትለው “ካምፕ ውስጥ ስልክ ይቀማሉ” አላት። ይህች መልስ ጥቂት አገለገለች።

አንድ ቅዳሜ፣ እንደ ልማዱ ሊጠይቃት ሄዶ፣ የሕፃኑን ፎቶ እንድታይ ስልኩን ሰጣት። ጣቷ አንዱን ሲገልጥ አንዱን ሲገልጥ ሄዶ ሄዶ የፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን ላይ አረፈ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

ሳህሉ ደነገጠ። “ኃይሌ ያለበት ነው” አላት።

“ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን ይሠራል?”

ቀጥሎ ያለውን እሱ አላሰበውም፤ አፉ ነው ያሰበው። “መነኮሳቱ ዘንድ ነው ያለው እማዬ። ባሕሩ ላይ ብዙ መከራ አይቶ፣ ዓለም በቃኝ ብሏል። መንኗል። ስልክ አይዝም።”

ካሰች ዓይኗን ጠራርጋ “ፈቃዱ ይሁን” አለች።

ሳህሉ የዚያን ዕለት በቤልትዌይ አውራ ጎዳና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲመለስ ራሱን አደነቀ። መዋሸቱ አይደለም የሚያናድደው፤ ማድነቁ ነው። ነገሩን ሲያሰላው እንዲህ ነው፦ የመነነ ልጅ አይደውልም፣ አያገባም፣ አይመለስም። ሲመነኩስ እንኳ በቁሙ ፍትሐት ተደርሶለት፣ ለዓለም ሞተ ተብሎ ነው። እናቱ ቀስ በቀስ ልጇን እንደ ሙት ትለምደዋለች፤ መርዶው ሲመጣ ሐዘኑን ግማሽ መንገድ ሄዳበት ትጠብቀዋለች። ይህን ሁሉ ያሰላ ሰው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ እንኳ የማይረሳትን አንዲት ነገር ረሳ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲሄድ ካሰች መነጽሯን አድርጋ ጠበቀችው።

“እስኪ ያንን ፎቶ አምጣው” አለችው።

አመጣላት።

“ሴቶቹ ጫማቸውን ለምን አላወለቁም?”

“ብርድ ነው እዚያ።”

“መቅደሱስ በምን ይጋረዳል? መጋረጃው የታለ?”

ካሰች ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

“ይሄ ቆሞ ያለው ደግሞ ሥዕል አይደለም። የተቀረጸ ምስል ነው። የካቶሊክ ነው አይደል?”

እዚህ ላይ ሰው ቢሆን እውነቱን ይናገር ነበር። ሃይማኖት ሕፃኑን ታቅፋ ከሶፋው ጫፍ እያየችው ነው። ሳህሉ ግን “እማዬ፣ እግዜር አንድ ነው” አላት። ፈልጎ ቢያስስ ከዚህ የከፋ መልስ አያገኝም ነበር።

ካሰች አልጮኸችም። ስልኩን መለሰችለትና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠች።

“ማተቡን አስበጥሰውታል” አለች። “ወደዚህ ስመጣ ነው ያሰርኩለት። ጥቁሩንና ሰማያዊውን ክር በገዛ እጄ ገምጄ፣ የወይራውን መስቀል ሰክቼ። ቦሌ በር ላይ ቆመን ቋጠርኩለት። ለቁራሽ ዳቦ በጠሰው።”

ሳህሉ ፔትራሞራን ማጥናት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ፣ ማሞቂያው ክፍል ተቀምጦ፣ የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት ከኢንተርኔት እያወጣ ያነባል፤ እናቱን የምታባብል አንዲት ነገር ፍለጋ። ጉልላቱ የእመቤታችን ፍልሰታ መሆኑን አገኘና በቅዳሜው ነገራት። “እመቤቴን ከእኛ ቤት አጥቶ ነው እዚያ የሄደው?” አለችው። ሌላ ቀን ፎቶ ሲያሳያት የራስ ቅል የተቀረጸበት በር ሳያስበው ብቅ አለ። ካሰች አማተበች። “ምን ዓይነት ቦታ ነው ልጄን ያስገቡት?” አለች፣ የዚያን ቀንም እህል አልቀመሰችም። የባሕር ዳሯን ጊዮርጊስም አይቷታል። ግድግዳዋ ላይ የተሳሉት ቅዱሳን ዓይናቸው ጎላ ጎላ ያለ፣ የእኛን አገር ሥዕል የሚመስሉ ነበሩ። ሊያሳያት ከጀለና ተወው። ቤተ ክርስቲያኗ ከዓመት ዓመት ዝግ ናት፣ በበዓሉ ቀን ብቻ ትከፈታለች ይላል ጽሑፉ። ‘ማን ይቀድስባታል?’ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ ብሎ አለፋት።

ጾሙ ሲገባ ካሰች ስግደት ጀመረች። የልብ ሕመምተኛ ናት፤ የንስሐ አባቷ ቀሲስ ገብረየስ “አንቺ ቁጭ ብለሽ ጸልዪ፣ ይበቃሻል” ቢሏት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ለልጇ መመለስ የምትሰግድ ይመስላቸው ነበር። በኋላ ግን ሌላ ነገር አመጣች። ኃይለመለኮት ከቤቱ ከወጣ ጀምሮ የክርስትና ስሙን፣ ወልደ ሚካኤልን፣ በቅዳሴ እንዲያነሡላት ለቄሱ ሰጥታ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠጋ ብላ “ስሙን አውጡልኝ” አለቻቸው። ቤቷ ገብታም ፎቶውን ከነፍሬሙ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

በማግስቱ ሃይማኖት ኮል አደረገችለት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው።

“ሳህሉ፣ ዛሬ ምን እንዳለች ታውቃለህ? ‘ሞተ ብላችሁ ብትነግሩኝ ይሻለኝ ነበር’ አለች።”

ሳህሉ የሕንፃው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። መሣሪያ ሣጥኑ ከእጁ ወርዶ ደረጃው ላይ ተንኳኳ።

“እንግዲያው እንንገራታ” አለ።

“አሁን? በዚህ ልቧ? አር ዩ ክሬዚ? ነገ አፖይንትመንት አላት፣ ብለድ ፕሬሸሯ ራሱ አልወርድ ብሏል። አንተ ነህ ይሄን ጉድ ያመጣኸው። አንተው ሌላ ነገር ፈልግላት። ተመልሷል በላት። ተጸጽቷል በላት።”

“ከፋሲካ በኋላ እንነግራታለን” አለ ሳህሉ። ሁለቱም ተስማሙ። ከፋሲካ በኋላ የምትለዋ ቃል ለሁለቱም ምን ያህል እፎይታ እንደሆነች እግዜር ነው የሚያውቀው።

ደብረ ዘይት ዕለት ካሰች ቅዳሴ ላይ ወደቀች። ስትሰግድ ነው፤ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ሴቶቹ የሰገደች መስሏቸው ትንሽ ቆዩ። አምቡላንስ መጣ። ሐኪሟ ሳህሉንና ሃይማኖትን ኮሪደር ላይ ጠርታ ልቧ ከእንግዲህ ብዙ እንደማይሸከም፣ ወደ ቤት መሄድ ብትችልም ቤተሰቡ መዘጋጀት እንዳለበት በለሰለሰ ድምፅ ነገረቻቸው።

ካሰች ስትነቃ ሳህሉን ወደ አልጋዋ ጠራችው። አፏ ደርቋል። ውኃ በስፖንጅ አረጠበላት።

“አንድ ነገር ላዝህ” አለችው። “እኔ ስሞት ለቅሶዬ ላይ የልጆቼ ስም ሲጠራ የእሱ እንዳይጠራ። ሁለት ልጆች ነው የወለድኩት። አንተና ሃይማኖት።”

“እማዬ እንደሱ አትበይ።”

“እሱ ትቶኛል። እኔም ትቼዋለሁ። በወዲያኛው ዓለምም አልፈልገውም።”

ሳህሉ ከዚያ ክፍል ወጣ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ የሚፈራው እናቱ በሐዘን እንዳትሞት ነበር። አሁን የባሰው ታየው፤ ሐዘኑ ሳይነገራት፣ በባሕር ያለቀ ልጇን ክዳ ልትሞት ነው። እሱ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በአፉ እንደመጣለት በፈጠረው ልጅ ምክንያት።

በቀጥታ ወደ ቀሲስ ገብረየስ ሄደ። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ወንበር የሚከመርበት ክፍል ውስጥ ብቻቸውን መጽሐፍ ያገላብጣሉ። ሳህሉ ቆሞ ሁሉንም ነገራቸው። ቄሱ እስኪጨርስ አላቋረጡትም።

“ማተቡስ?” አሉት በመጨረሻ።

“እ?”

“ልጁ ሲሞት ማተቡ አንገቱ ላይ ነበር ወይ ነው የምልህ።”

“አላውቅም አባ። አልጠየቅኩም።”

“ሳትጠይቅ ነው ካቶሊክ ያደረግኸው?”

ቄሱ መጽሐፉን ከደኑት።

“እናትህ ስሙን አውጡልኝ ስትለኝ እኔ አላወጣሁትም” አሉ። “ገና ልጅ ነው፣ ይመለሳል ብዬ በየቅዳሴው ሳነሣው ነበር። ግን ከሕያዋን ጋር ነው ያነሣሁት ልጄ። ከሕያዋን ጋር። ሙት ስለ ነፍሱ የሚጸለይለትን ሲጠብቅ፣ እኔ ጤና ስጠው እያልኩ።” መጽሐፉን ወደ ጎን ገፉት። “ሆሳዕና ሳይደርስ ይነገራት። በሕማማት ፍትሐት የለም። እሷ ደግሞ እስከ ፋሲካ መድረሷን አንተም አታውቅ እኔም አላውቅ። አሁን ሂድና ያቺን ልጅ ደውለህ ጠይቃት።”

ሳህሉ መኪናው ውስጥ ሆኖ ለፈይሩዝ ደወለ። ከወራት በኋላ ደውሎላት እንኳ ስሙን ሲነግራት ወዲያው አወቀችው።

“ያን ጊዜ ልትነግሪኝ የነበረውን ንገሪኝ” አላት።

“አሁን ትችላለህ?”

“እችላለሁ።”

ነገረችው። ፔትራሞራ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አንድ ማኅበር አለ፤ ያው የእኛ እድር ማለት ነው። ዘመድ የሌለውን ሬሳ መቅበር ሥራቸው ነው፤ ድሮም መርከብ ተሰብሮበት ባሕሩ የተፋውን ሁሉ እነሱ ናቸው የሚቀብሩት። የራስ ቅል የተቀረጸበት በር ያለው የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሬሳዎቹ ሲወጡ ከፖሊስ ተቀብለው እዚያ አሳደሯቸው፣ ሴቶቹ አጥበው ገነዟቸው። ከሟቾቹ ሙስሊሞቹን ለይተው ለብቻ ቦታ ሰጧቸው፤ ዱዓውን ፈይሩዝ ራሷ ቆማ አደረገች፣ ሌላ የሚያደርግ አልነበረማ። ለሁሉም በትልቁ ፍልሰታ ደወል ተደወለ፣ ጸሎት ተደረገ።

“ወንድምህን ግን ከሌሎቹ ጋር አልቀበሩትም” አለች ፈይሩዝ። “ስትገንዘው የነበረችው አሮጊት አንገቱ ላይ ያለውን ክር አይታ ቄሱን ጠራች። ሐኪሙ ለመረጃ ቆርጦ ሊወስደው ነበር፤ ‘ይህን አትነካም፣ ይህ የተጠመቀበት ነው’ ብላ እጁን ያዘችው። ስለዚህ ከነአንገቱ ፎቶ አንሥቶ ተወው። ሽማግሌው ቄስ ደግሞ ‘ይሄ ልጅ የምሥራቅ ክርስቲያን ነው፣ የእኛ አይደለም፣ ወደ ግሪኮቹ ጊዮርጊስ ይሂድ’ አሉ። ያቺ ቤተ ክርስቲያን በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው የምትከፈተው። ለእሱ ብለው ከፈቷት። ከግድግዳዋ ጥግ ነው ያለው፣ ባሕሩን እያየ።”

ሳህሉ የመኪናውን መስኮት ዘጋ።

“ማተቡ አብሮት ነው የተቀበረው” አለች። “ያን ጊዜ ልነግርህ የፈለግኩት ይሄን ነው። ለእናቱ ይጠቅማታል ብዬ።”

“ፎቶውን ላኪልኝ” አላት።

ቀዳም ስዑር ሳይሆን ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ በሆሳዕና ዋዜማ፣ ማለዳ ላይ ዘመድ ወዳጆቻቸው አሌክሳንድሪያ፣ ሃይማኖት ቤት ደጃፍ ተሰበሰቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአፓርታማው ኮሪደር ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ራቅ ካሉ ሰፈሮች፣ ከበርክም ከአስፐን ሂልም የመጡ አሉ። ሳህሉ “እስክጠራችሁ እንዳትገቡ፣ እንዳታለቅሱም” ብሎ ለመናቸው። “ወጉ እንዲህ አይደለም” ብለው አጉረመረሙ፣ ግን ቆሙለት። እሱ፣ ሃይማኖትና ቀሲስ ገብረየስ ገቡ።

ካሰች ሶፋው ላይ በትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ቄሱን አየች፣ ከዚያ ልጆቿን አየች።

“ምነው በማለዳ?” አለች።

ሳህሉ ተንበረከከ። ወጉ መጀመሪያ ሞቱን መንገር ነው። እሱ ግን ከሌላው ጫፍ ጀመረ።

“እማዬ፣ ኃይሌ ካቶሊክ አልሆነም። እኔ ነኝ የዋሸሁሽ። አልመነኮሰም፣ ሃይማኖቱን አልለወጠም። ማተቡን አልበጠሰም። ይኸው እዪው።”

ስልኩን ሰጣት። ካሰች መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ፎቶው ላይ ያለው አንድ አንገት ነው፣ ጥቁርና ሰማያዊ የተገመደ ክር፣ ጨው የነጣበት የወይራ መስቀል። ጣቷን መስታወቱ ላይ አስኬደች።

“የእኔ ግምድ ነው” አለች። “ይህችን ቋጠሮ እኔ ነኝ የቋጠርኳት።”

“አዎ እማዬ።”

ከክሩ ላይ ዓይኗን አንሥታ ቆዳውን አየች። አንገቱን፣ የትከሻውን ጫፍ። ብዙ ሬሳ የገነዘች ሴት ናት።

“ሬሳ ነው” አለች።

“አዎ እማዬ።”

ካሰች ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ ሁለት እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች።

“ተመስገን” አለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “ተመስገን አምላኬ። በማተቡ ሞተልኝ።”

ኮሪደር ላይ ያሉት “ተመስገን” የሚለውን ብቻ ሰሙ። ለማልቀስ አፏን የከፈተች አንዲት ሴት መልሳ ዋጠችው። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ “አልነገሯትም እንዴ?” አለ አንዱ በሹክሹክታ።

ውስጥ ካሰች እጆቿን አወረደች። ፊቷ ላይ ከወራት በፊት የነበረው ሰላም ተመልሶ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቷ ከግንባሯ ጀምሮ መሰብሰብ ጀመረ።

“መቼ ነው?” አለች።

“መስከረም ላይ።”

“መስከረም።” አሰበችው። “አርባው ወጣለት?”

ሳህሉ ራሱን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

“ሰማንያውስ?”

“አልወጣለትም እማዬ።”

“እኔ እኮ ስሙን አስወጣሁት” አለች ወደ ቄሱ ዞራ። “ልጄ መሬት ውስጥ ሆኖ ጸሎት ሲጠብቅ፣ እኔ ከጸሎት አስወጣሁት። ፎቶውን ግድግዳ አሳየሁት።”

“እኔ አላወጣሁትም ልጄ” አሏት ቀሲስ ገብረየስ።

“ከማን ጋር አነሡት?”

ቄሱ መስቀላቸውን አጥብቀው ይዘው መሬት አዩ። ካሰች መልሱን ከዝምታቸው ወሰደች።

“የት ነው ያለው?” አለች ለሳህሉ።

የባሕር ዳሯን ጊዮርጊስ ከስልኩ አውጥቶ አሳያት። እነዚያ ዓይናቸው የጎላ ቅዱሳን፣ የተላጠው ሰማያዊ ግድግዳ፣ ትንሿ በር። ፈይሩዝ የነገረችውን ሁሉ እየተደነቃቀፈ ነገራት፤ አሮጊቷን፣ ሐኪሙን፣ ለእሱ ሲባል የተከፈተውን በር። ካሰች ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየችው።

“ይህችን ቤተ ክርስቲያን ታውቃት ነበር?”

“አውቃት ነበር። እሱ እዚያ መሆኑን ግን አላወቅኩም።”

“ለምን?”

“አልጠየቅኩም።”

“ያን ቀን ይህችን ብታሳየኝ” አለች ካሰች፣ ሳትቆጣ፣ “እኔም አልክደውም ነበር።”

ስልኩን መለሰችለት። ከሶፋው ለመነሣት ሞከረች፤ በሁለተኛው ሙከራ ቻለች። ግድግዳውን እየተደገፈች የኃይለመለኮት ፎቶ ጋ ደረሰችና ፊቱን ወደ ሰው መለሰችው። ከዚያ በሩን ራሷ ከፈተች። ያ ሁሉ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ምን እንደሚል ጠፍቶት ቆሟል።

“ምን ትጠብቃላችሁ?” አለቻቸው። “ልጄ ሞቷል። ግቡና አልቅሱልኝ።”

ለቅሶው ኮሪደሩን ሞላው። ወደ ጎን ስታዘነብል ሳህሉ ሮጦ ክንዷን ያዘ። ካሰች ቀና ብላ ማን እንደያዛት አየች፣ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ለሃይማኖት ሰጠቻት።